የታወቀ ስም በፈቃድ እንውሰድ ወይስ የራሳችንን ስም ይዘን እንውጣ?

መብራት_ሠሪ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ ትንሽ ስለሚረዝም በትዕግሥት አንብቡልኝ።

በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ በእጅ የሚያዝ መብራት እናመርታለን። እስካሁን ምርታችን ገበያ የሚወጣው በሌሎች ስም ነው፤ እኛ እንሠራለን፣ እነሱ ስማቸውን ለጥፈው ይሸጣሉ። አሁን በቀጥታ ወደ ሱቅ መደርደሪያ ለመውጣት ወስነናል። እዚህ ድረስ እኔና ሸሪኬ አንድ ነን። የተለያየነው በስሙ ላይ ነው።

አንድ ወኪል አንድ ሐሳብ ይዞልን መጣ። ድሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስሙ የገነነ፣ ዛሬ ግን ራሱ ምንም የማያመርት ኩባንያ አለ፤ የዚያን ኩባንያ ስም በፈቃድ እንድንጠቀም ነው። ውሉ የአምስት ዓመት ነው። ከተጣራ ሽያጭ በመቶኛ የሚታሰብ ሮያሊቲ አለ። ከዚያ ሌላ ሸጥንም አልሸጥንም በየዓመቱ የምንከፍለው ዝቅተኛ ክፍያ አለ፤ እሱም ዓመት በመጣ ቁጥር ከፍ ይላል። የተፈቀደልን የዕቃ ዓይነት «ተንቀሳቃሽ መብራት» ተብሎ ተጽፏል።

ሸሪኬ «ይህን ስም የማያውቅ የለም፤ ስሙን ይዘን ከሄድን በር ይከፈትልናል» ይላል። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ለፍተን፣ ስሙን ለባለቤቱ መልሰን ባዶ እጃችንን እንዳንቀር እሰጋለሁ። ለራሳችን ካሰብናቸው ስሞች አንዱ የዕቃውን ጥቅም በቀጥታ የሚናገር ነው። ሌላው ምንም ትርጉም የሌለው፣ እኛው የፈጠርነው አጭር ቃል ነው። ነገሩን የምታውቁት ምከሩን።

ቁጥር_ይናገር

እኔ ከሸሪክህ ጋር ነኝ። አዲስ አምራች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የሱቁ የግዢ ኃላፊ ስለማያውቀው ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ቦታ ውስን ነው። ያንተን ለማስገባት የሌላውን ማውጣት አለበት፣ ዕቃው ካልተሸጠ ደግሞ ተጠያቂው እሱ ነው። የታወቀ ስም ይዘህ ስትቀርብ ያ ስጋቱ ይቀልለታል።

ኤችኤምዲ ግሎባል የሚባለውን የፊንላንድ ኩባንያ ተመልከት። በ2016 ብቅ ሲል ማንም አያውቀውም ነበር። የኖኪያን ስም በስልክና በታብሌት ላይ ለአሥር ዓመት የመጠቀም ፈቃድ ወሰደ፤ በ2017 ስልኮቹን ሲያወጣ ወሬው ሁሉ «ኖኪያ ተመለሰ» ሆነ። ያንን ወሬ በማስታወቂያ ልግዛ ቢል ስንት ይፈጅበት ነበር? የቻይናው ሃየርም በ2016 የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት ውስጥ መገልገያ ክፍል ሲገዛ፣ ስሙን ለ40 ዓመት የመጠቀም መብት አብሮ ተደራድሮ ነው የወሰደው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ኩባንያ በራሱ ስም መውጣት አቅቶት አይደለም።

ሮያሊቲውን እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ቁጠረውና የራስህን ስም ለማስተዋወቅ ከምታወጣው ጋር አነጻጽረው። ቁጥሩ ራሱ መልሱን ይሰጥሃል።

የገበያ_ሰው

ቁጥር_ይናገር ያልከው ልክ ነው፤ ግን ታሪኮቹን እስከ መጨረሻቸው እንንገራቸው። ኤችኤምዲ በ2024 በራሱ ስም ስልክ ማውጣት ጀምሯል። የፈቃዱ ዘመን እየተገባደደ ሲሄድ ከባዶ ሊጀምር አልፈለገም፤ ያም ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት በገዢው አእምሮ ውስጥ ሲጠነክር የቆየው የኖኪያ ስም ነው። ሃየርን በተመለከተ ደግሞ 40 ዓመት እና 5 ዓመት ሁለቱም «ፈቃድ» ስለተባሉ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። በ40 ዓመት ውስጥ ኩባንያው የተከለውን ይለቅማል። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት ለናሙናና ለማጽደቅ ያልቃል፣ የመጨረሻው ለዕድሳት ድርድር፤ በመሃል የሚቀረው ብዙ አይደለም።

የተከራየ ቤት ግድግዳ ያሳመረ ሰው ሲወጣ ቀለሙን ፍቆ አይወስድም። መብራት_ሠሪ የፈራው ይህን ነው፤ ትክክለኛ ፍርሃት ነው።

ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። ሌኖቮ በ2005 የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ሲገዛ የአይቢኤምን ስም ለአምስት ዓመት ብቻ የመጠቀም መብት ነበረው። «ቲንክፓድ» የሚለውን የላፕቶፖቹን ስም ግን ጠቅልሎ የራሱ አደረገ። እነዚያን ዓመታት የተጠቀመባቸው ገዢውን ከትልቁ ስም ወደ ራሱ ስም ለማሻገር ነው፤ እንዲያውም የጊዜ ገደቡ ሳይደርስ የአይቢኤምን ሎጎ ከዕቃው ላይ አነሣ። ስለዚህ ጥያቄው እንውሰድ ወይስ አንውሰድ ብቻ አይደለም። ውሉ ባለቀ ማግስት በገዢው ዘንድ የእናንተ የሆነ ምን ይቀራል የሚለው ነው። የራሳችሁን ስም በመብራቱ አካል ላይ አብሮ የማስፈር መብት ይሰጧችኋል? መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ውል_አንባቢ

የብዙዎችን የፈቃድ ውል አንብቤአለሁ፤ አንድ ነገር በብርቱ ላሳስባችሁ። ስለ ሮያሊቲው መቶኛ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት የጥራት ቁጥጥር የሚለውን አንቀጽ አንብቡ።

የንግድ ምልክት ለገዢው የሚሰጠው ቃል አለ፦ ይህ ስም ባለበት ሁሉ የሚጠብቁትን ያገኛሉ የሚል። ስለዚህ ባለቤቱ ስሙን ለሌላ ሲያከራይ የዕቃውን ጥራት የመቆጣጠር ሥልጣን በእጁ መቆየት አለበት። በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሌለው ፈቃድ «ራቁት ፈቃድ» ይባላል፤ ውጤቱም ባለቤቱ ስሙን እንደ ተወው መቆጠሩ ነው። በ2011 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተወሰነ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ኢቫስ ብራይዳል የሚባል የሙሽራ ልብስ ሱቅ ነበር። የሱቁ ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ስሙን ለአንድ ዘመዱ ሱቅ በዓመት 75,000 ዶላር እንዲከፍል አድርጎ አከራየ። የውሉ ጊዜ አልፎ ተከራዩ ያለ ክፍያ በስሙ መሸጡን ሲቀጥል ከሰሱት፤ ተረቱ። ስለ ዕቃው ዓይነት፣ ስለ ሱቁ አያያዝ፣ ስለ ምንም ነገር ቁጥጥር አድርገው አያውቁም ነበርና። ፍርድ ቤቱ ዕቃው መጥፎ ነው አላለም። ከፍ ያለ ጥራት ይኑር ሳይሆን ጥራቱን የሚወስነው የስሙ ባለቤት ይሁን ነው ያለው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2010፣ ፍሪሳይክል የተባለው ዕቃ በነጻ የሚለዋወጡ ሰዎች ማኅበር በተመሳሳይ ምክንያት ተረትቷል።

«ይህ የባለቤቱ ችግር ነው፣ እኛ ምን ጨነቀን» ትሉኝ ይሆናል። የእናንተም ነው። እናንተ ሮያሊቲ እየከፈላችሁ የምታስከብሩትን ስም ሌላው ፈቃድ ተቀባይ ሲያዋርደው አብራችሁ ትዋረዳላችሁ። በጥር 2018 ላስ ቬጋስ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ በካሜራና በፊልም የታወቀው የኮዳክ ስም የተለጠፈበት፣ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ማሽን ቀርቦ ነበር። ማሽኑን ያቀረበው የኮዳክን ስም በኤልኢዲ መብራት ላይ የመጠቀም ፈቃድ የነበረው ኩባንያ ነው። ተከራይቶ የሚሠራበት ሰው በወር ያገኛል የተባለው ገቢ የማይጨበጥ መሆኑን ባለሙያዎች አሰምተው ተናገሩ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ኮዳክ ለማሽኑ ፈቃድ አልሰጠሁም ብሎ አስታወቀ። በዚያ ሰሞን በዚያው ስም ካሜራ ወይም ባትሪ የሚሸጥ ሌላ ፈቃድ ተቀባይ ምን ተሰምቶት ይሆን? ምንም ሳያጠፋ ስሙ የወሬ መጫወቻ ሆነበት።

ስለዚህ ወኪሉን፦ በዚህ ስም ሌላ እነማን፣ በምን ዓይነት ዕቃ ላይ ፈቃድ አላቸው? ብላችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። ዝርዝሩን የማይሰጥ ከሆነ እሱም ራሱ መልስ ነው።

አዲስ_ጠያቂ

ከሁለቱም ይልቅ የራሳችሁን የቤተሰብ ስም ብታወጡለትስ? ማንም አይቀማችሁም።

ውል_አንባቢ

ልጄ፣ ይቀማል። ሃልስተን የተባለው አሜሪካዊ የልብስ ንድፍ ባለሙያ በ1973 ድርጅቱን ሲሸጥ ስሙን አብሮ ሸጠ። በ1983 ጄሲፔኒ ለተባለው የብዙኃን መደብር ርካሽ ልብስ በስሙ ሲወጣ፣ በርግዶርፍ ጉድማን የተባለው የውድ ልብስ መደብር ዕቃውን ከመደርደሪያው አነሣበት። ኋላም ከድርጅቱ ሲወጣ በገዛ ስሙ ልብስ መሥራት አልቻለም፤ በ1990 ሲሞት ስሙ የሌሎች ነበር። በአውሮፓም ኤልዛቤት ኢማኑኤል የልዕልት ዳያናን የሠርግ ቀሚስ ከነደፉት ሁለት ባለሙያዎች አንዷ ነች፤ የስሟ የንግድ ምልክት ከድርጅቱ ጋር ወደ ሌላ እጅ ካለፈ በኋላ ለማስሰረዝ ብትሟገትም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2006 አልተቀበላትም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከተሸጠ ግን የሚውለው በገዢው ቤት ነው። የሰው ስም ለንግድ ምልክት ስታውሉ ኩባንያው ቢሸጥ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጻፉ።

መብራት_ሠሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውል_አንባቢ፣ የጠቆሙንን ዝርዝር ዛሬ በኢሜይል ጠይቀናል። ሸሪኬም ክሩን እያነበበ ነው፤ የሌኖቮን ነገር ወዶታል።

መልስ እስኪመጣ ድረስ ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልጠይቅ። የዕቃውን ጥቅም የሚናገረውን ስም ያዩት ሁሉ ወዲያው «ገባን» ይላሉ። የፈጠርነውን ቃል ግን «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የመጥፎ ስም ምልክት ነው?

ስም_አውጪ

አይደለም ወንድሜ! በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ጥሩ ስም ሲሞት አይቻለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የንግድ ምልክት ሕግ ስሞችን በጥንካሬ ደረጃ ያያቸዋል። በአሜሪካ በ1976 በተወሰነ አንድ የታወቀ ፍርድ ደረጃዎቹ ተዘርዝረዋል። ከታች የዕቃው የወል መጠሪያ አለ፤ «መብራት» የሚለውን ቃል ማንም ለብቻው ሊይዘው አይችልም። ቀጥሎ ገላጭ ስም ነው፤ የዕቃውን ባሕርይ ወይም ጥቅም የሚናገር። ይህ የሚጠበቀው ረጅም ጊዜ ሠርታችሁበት፣ ገዢው ቃሉን ሲሰማ ዕቃውን ሳይሆን እናንተን የሚያስብበት ደረጃ ሲደርስ ነው። ከዚያ ጠቋሚው ይመጣል፤ ገዢው ጥቂት አስቦ የሚደርስበት። ከዚያ በላይ ከዕቃው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የታወቀ ቃል፣ ለኮምፒውተር «አፕል» እንደ ማለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተፈጠረ ቃል።

ጆርጅ ኢስትማን በ1888 «ኮዳክ» የሚለውን ቃል ሲያወጣ ምንም ትርጉም አልነበረውም። የፈለገው አጭር፣ ለመጥራት የማያስቸግርና ከሌላ ነገር ጋር የማይምታታ ቃል ነበር፤ «ክ» የምትለውን ድምፅ ጠንካራ ናት ብሎ ይወዳት ስለነበር በእሷ ጀምሮ በእሷ ጨረሰ። ያ ቃል ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ውል_አንባቢ እንደነገሩን ዛሬም ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይከራዩታል። ሶኒም እንዲሁ ነው። ኩባንያው እስከ 1958 ድረስ ቶክዮ ጹሺን ኮግዮ ይባል ነበር፤ ባለቤቶቹ በየትም አገር ሰው በቀላሉ የሚጠራው አጭር ቃል ፈልገው ለወጡት።

«ገባን» የተባለላችሁ ስም ለእናንተ እንደገባ ለተፎካካሪዎቻችሁም ይገባል። ነገ ሌላው አንድ ፊደል ለውጦ ሲመጣ ለማስቆም ትቸገራላችሁ፤ «የዕቃዬን ባሕርይ ነው የተናገርኩት» ሲል ሕጉ ይሰማዋል።

የተፈጠረውን ቃል በወረቀት ላይ አትፈትኑት። ስልክ ደውሉና ለማያውቃችሁ ሰው ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ከዚያ ጽፎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ሰው ሁሉ በየራሱ አጻጻፍ ከላከ በኢንተርኔት ፈልጎ አያገኛችሁም። ጫጫታ ባለበት ቦታ ሻጩ ለገዢው ሲጮኽበት ስሙት። በመብራቱ ማብሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ቅረጹትና በክንድ ርቀት አንብቡት። በማግስቱ ደግሞ ለዚያው ሰው ደውሉና «ትናንት የነገርኩህ ስም ማን ነበር?» በሉት። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በማግስቱ ካስታወሰው፣ ከዚያ የሚበልጥ ምስክር የለም።

ቁጥር_ይናገር

ስም_አውጪ ያልከውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ኢስትማን ቃሉን ፈጥሮ አልተቀመጠም፤ ለዓመታት ማስታወቂያ አፍስሶበታል። የተፈጠረ ቃል ባዶ ነው፤ የሚሞላው በገንዘብ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ድርጅት በ2001 ራሱን «ኮንሲግኒያ» ብሎ ሰየመ፤ ሕዝቡ አልቀበልም ብሎ በ2002 ሮያል ሜይል ወደሚለው ተመለሰ። ያን የሚያህል ድርጅት ያልቻለውን እነዚህ ልጆች ይችሉታል?

ስም_አውጪ

ጥሩ አድርገህ አነሣኸው። ኮንሲግኒያን የገደለው የተፈጠረ ቃል መሆኑ አይደለም። ሕዝቡ ለዘመናት የሚያውቀውንና የሚወደውን ስም ያለ በቂ ምክንያት ነጥቆ በቦታው ባዶ ቃል መተካቱ ነው። መብራት_ሠሪ ከገዢ እጅ የሚነጥቀው የድሮ ስም የለውም።

በዚያው በ2001 የተለወጠ ሌላ ስም አለ፦ አክሰንቸር። አንደርሰን ኮንሰልቲንግ የተባለው አማካሪ ድርጅት ከእናት ድርጅቱ ለመለየት ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሄዶ በነሐሴ 2000 ነጻነቱን አገኘ፤ ግን «አንደርሰን» የሚለውን ስም በዓመቱ መጨረሻ እንዲለቅ ተወሰነበት። በሺህ የሚቆጠር ሐሳብ ከራሱ ሠራተኞች ሰበሰበ፤ የተመረጠውን ያመጣው ኦስሎ የሚሠራ አንድ ባልደረባቸው ነበር። ጥር 1 ቀን 2001 በአዲሱ ስም ሥራ ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ከእነሱ ጋር በአንድ ስም ሥር የነበረው የሒሳብ ምርመራ ድርጅት አርተር አንደርሰን፣ ኤንሮን በተባለው የኃይል ኩባንያ የሒሳብ ማጭበርበር ቅሌት ፈራረሰ። ለቀው የወጡበትን ስም ቢይዙት ኖሮ ያ ጭቃ ሁሉ ይረጭባቸው ነበር። የሌላውን ስም መሸከም ማለት የሌላውን ጥፋትም መሸከም ነው፤ ውል_አንባቢ በኮዳክ ያሳዩን ይህንኑ ነው።

ፈቃድ_ሰጪ_ቤት_የሠራሁ

እኔ በሌላው ወገን ነበርኩ፤ ስም የሚያከራይ ኩባንያ ውስጥ ናሙና አጽድቅ ነበር። ከውጭ የማይታየውን ልንገራችሁ።

ናሙናው በካርቶን ይመጣል። መጀመሪያ የሚታየው መብራቱ አይደለም፤ ማሸጊያው ነው። መመሪያው ሎጎው ከማሸጊያው ጠርዝ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በሚሊ ሜትር ይናገራል፤ ማስመሪያ ይዘን እንለካለን። ቀለሙን ከቀለም ካርዱ ጋር መስኮት ዳር ወስደን እናስተያያለን። ከዚያ ዕቃው ይከፈታል፤ ክዳኑ ሲዘጋ የሚሰጠው ድምፅ፣ የፕላስቲኩ ስፌት፣ በጀርባው ያለው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይታያል። አንዱ ካልተስማማ ሁሉም ይመለሳል። ይህ መልካም ነው፤ ስሙን የሚያስከብረው ይኸው ነው። ችግሩ አንድ አጽዳቂን የብዙ ፈቃድ ተቀባዮች ናሙና ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ መጠበቁ ነው። የእናንተ ካርቶን ከታች ሆኖ የሽያጭ ወቅታችሁ ያልፋል፤ ዝቅተኛው ዓመታዊ ክፍያ ግን አይጠብቃችሁም። በብዙ ውሎች መልስ ካልተሰጠ «እንዳልጸደቀ ይቆጠራል» የሚል አለ። በተወሰነ የሥራ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ እንዲገባ፣ ባለቤቱ ካዘገየ ደግሞ ዝቅተኛው ክፍያ በዚያው ልክ እንዲቀነስ ተደራደሩ። «የተጣራ ሽያጭ» የሚለውን ትርጉምም ተመልከቱ፤ ተመላሽ ዕቃና ለሱቆች የሚሰጥ ቅናሽ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? መቶኛው ዝቅ ያለ መስሎ ትርጉሙ ሲሰፋ የምትከፍሉት ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ስሙ የማን ነው? ወኪል ነው የመጣው ብለሃል። በ1998 ፎልክስቫገን ሮልስ ሮይስ ሞተር ካርስን ከባለቤቱ ከቪከርስ በ430 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ፋብሪካውን፣ የመኪናውን አፍንጫ ቅርፅና በላዩ የምትቆመውን ምስል ሁሉ አገኘ። «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስምና ሎጎ ግን የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራው የሌላው ኩባንያ ነበር፤ እሱም ለቢኤምደብሊው በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቃድ ሰጠ። በመጨረሻ ተስማምተው ከ2003 ጀምሮ ሮልስ ሮይስን የሚሠራው ቢኤምደብሊው ሆነ፤ ለፎልክስቫገን ቤንትሊ ቀረለት። እንዲህ ዓይነት ትልልቅ ኩባንያዎች በዚህ ከተቸገሩ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ። በምትሸጡበት አገር ሁሉ፣ በእናንተ የዕቃ ክፍል፣ በማን ስም ተመዝግቧል?

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ሊለወጥ ይችላል። ፎቶን ወዲያው አትሞ በሚያወጣ ካሜራ የታወቀው ፖላሮይድ በ2001 ከዚያም በ2008 ለኪሳራ ሕግ ጥበቃ አመልክቷል፤ ስሙም እጅ በእጅ ሲዞር ቆይቷል። በ2008 በኔዘርላንድ ኤንሼዴ ከተማ የቀረውን የመጨረሻ የፊልም ፋብሪካ ማሽኖች ጥቂት ሰዎች ተረክበው «ኢምፖሲብል» በሚል በራሳቸው ስም ፊልም መሥራት ጀመሩ። በ2017 የፖላሮይድን ስም የገዛው የእነሱው ዋና ባለ አክሲዮን ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ኩባንያው ራሱ ፖላሮይድ ይባላል። ሙያውን ይዘው የቆዩት ሰዎች በስተመጨረሻ ስሙን አገኙት። ይህን ታሪክ ለአምራች ሁሉ መንገር እወዳለሁ።

ውል_አንባቢ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው «ተንቀሳቃሽ መብራት» ስለሚለው ሐረግ ነው። መብራታችሁ ስልክ ይሞላል?

መብራት_ሠሪ

ሁለተኛው ሞዴላችን ይሞላል፤ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ብዙ ገዢ የሚጠይቀን እሱን ነው።

ውል_አንባቢ

እንግዲያው ጠብቁ። ለንግድ ምልክት ምዝገባ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ የዕቃና የአገልግሎት ምደባ፣ የኒስ ዝርዝር፣ 45 ክፍል አለው፤ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት። መብራት በክፍል 11 ይመደባል። ባትሪ፣ ቻርጀርና የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ግን በክፍል 9 ነው። ለክፍል 9 ፈቃድ የወሰደ ሌላ ኩባንያ ቢኖር፣ ከሁለተኛው ሞዴላችሁ ጋር ይጋጫል፤ የሚወደደው ዕቃችሁ ከውሉ ውጭ ይወድቃል።

የቃል አጥር ቴክኖሎጂ ሲለወጥ እንዴት እንደሚፈርስ የቢትልስ የሙዚቃ ቡድን ኩባንያ አፕል ኮርፕስና የኮምፒውተር አምራቹ አፕል ክርክር ያሳያል። ክሱ በ1978 ተጀመረ፤ በ1981 ተስማሙ፦ ኮምፒውተሩ ወደ ሙዚቃ አይገባም፣ የሙዚቃው ኩባንያ ወደ ኮምፒውተር አይገባም። በዚያ ዘመን ግልጽ አጥር ነበር። ኮምፒውተር ድምፅ ማጫወት ሲጀምር እንደገና ተካሰሱ፤ በ1991 የኮምፒውተሩ አፕል 26.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የሙዚቃ ሱቁን በኢንተርኔት ሲከፍት ሌላ ክስ መጣ፤ በ2006 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ለኮምፒውተሩ ኩባንያ ፈረደ። በ2007 ግን ነገሩ ተገላብጦ አለቀ፦ ስሙ ሁሉ የኮምፒውተሩ ኩባንያ ሆነ፤ እሱም ለሙዚቃው ኩባንያ መልሶ ፈቃድ ሰጠ። ከመነሻው ቃላቱ ሰፋ ተደርገው ታስበው ቢሆን ያን ያህል ዓመት ባልተካሰሱ።

የውሉን ማብቂያም አሁኑኑ ተደራደሩ። በእጃችሁ የቀረውን ዕቃ ለመሸጥ ስንት ወር ይሰጣችኋል? የዋስትና ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ገዢ በማን ስም ይስተናገዳል? የደንበኞች ዝርዝር፣ የመብራቱ ቅርፅና የፕላስቲክ ሻጋታው የእናንተ ሆኖ እንዲቀር በግልጽ ይጻፍ። አንዳንድ ውል «በፈቃዱ ዘመን የተሠራ ንድፍ ሁሉ የስሙ ባለቤት ነው» የሚል ሐረግ ደብቆ ይይዛል። የገዛ መብራታችሁን ለሌላ ፈቃድ ተቀባይ ሰጥተው ሲያሠሩት እንዳታዩ።

መብራት_ሠሪ

የተገኘውን ልንገራችሁ። ወኪሉ የስሙ ባለቤት አይደለም፤ ከባለቤቱ ዋና ፈቃድ ወስዶ ለእንደኛ ዓይነቱ የሚያከፋፍል ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀቶቹን ላከልን። ክፍል 11 አለ፤ ክፍል 9 ላይ ግን ለሌላ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጥቷል። ስለዚህ ሁለተኛው ሞዴል በዚያ ስም መውጣት አይችልም።

የራሳችንን ስም በመብራቱ አካል ላይ በትንሹ እንጻፍ ብለን ጠየቅን። አይቻልም አለን፤ በማሸጊያው ጀርባ «አምራች» ከሚለው ቀጥሎ ብቻ። ይህን ሲሰማ ሸሪኬ ራሱ «እንተወው» አለ። ስም_አውጪ በነገርከን መንገድ የፈጠርነውን ቃል በስልክ ፈተንነው፤ አንድ አናባቢ ሰዎችን አሳስቷቸው ነበር፣ እሱን ለውጠን እንደገና ስንሞክር አስተካክለው ጻፉት። በማግስቱም አስታወሱት።

ስም_አውጪ

ደስ ብሎኛል። አሁን ለሱቅ ናሙና ከመላካችሁ በፊት ማመልከቻውን አስገቡ፤ በክፍል 11ም በክፍል 9ም። በብዙ አገሮች መብቱ ቀድሞ ለተጠቀመ ሳይሆን ቀድሞ ላስመዘገበ ነው። አፕል በቻይና «አይፓድ» የሚለውን ስም ቀድሞ ካስመዘገበው ኩባንያ ጋር ተካሶ በ2012 የ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት የፈጸመው፣ ስሙን ገዛሁ ያለው ከእህት ኩባንያው ሆኖ የቻይናው ምዝገባ በሌላው እጅ ስለቀረ ነው። ወደ ብዙ አገር የምትሄዱ ከሆነ የማድሪድ ሥርዓት በአንድ ማመልከቻ ብዙ አባል አገሮችን ለመጠየቅ ያስችላል፤ እያንዳንዱ አገር ግን በራሱ ሕግ መርምሮ ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በምትሸጡባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ በድምፅ የሚመሳሰል ስም ካለ ፈትሹ። የፊደሉ ልዩነት አያድናችሁም፤ ለጆሮ መመሳሰሉ ይበቃል።

ቁጥር_ይናገር

ውሳኔያችሁን አከብራለሁ። በዚያ ውል እኔም አልፈርምም ነበር። የፈቃድን መንገድ ግን ለዘላለሙ አትዝጉት። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ከባድ ይሆናል። በራሳችሁ ስም የሸጣችሁትን በወር በወሩ መዝግቡ፤ በየትኛው ሱቅ ስንት እንደወጣ፣ ስንት ተመላሽ እንደመጣ። ነገ ከሌላ የስም ባለቤት ጋር ብትቀመጡ ያን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ታኖራላችሁ፤ ያኔ ስለ ሮያሊቲውም፣ ስማችሁን በመብራቱ ላይ ስለማስፈሩም የምትደራደሩት ሌላ ሰው ሆናችሁ ነው።

የገበያ_ሰው

ይህን እኔም እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እስካሁን በሌሎች ስም የምታመርቱላቸውን ደንበኞች ቀድማችሁ አነጋግሯቸው። በመደርደሪያው ላይ አጠገባቸው ስትቆሙ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ከእነሱ ጋር ያላችሁ ውልም በራሳችሁ ስም ተመሳሳይ ዕቃ መሸጥ የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለው ዛሬውኑ አረጋግጡ።

መብራት_ሠሪ

ከሦስቱ ውሎች በአንዱ ውስጥ አለ። ነገ ጠዋት ለጠበቃችን እንወስደዋለን፤ መልሱን እዚሁ እጽፋለሁ።